የማያልበውን ቆዳ ማግኘት፦ የላብ ዕጢ ምርመራ በአዮዲንና በስታርች፣ ከዝግጅት እስከ ንባብ

"ሲስተር፣ እጄን ያልበኛል" የሚለኝ ሰው በየሳምንቱ አለ። ብብቴን የሚል አለ፣ እግሬን የሚል አለ፣ ፊቴን የሚል አለ። "እዚህ ቦታ ላይ አያልበኝም" ብሎ የመጣ ግን በሥራ ዘመኔ ሁሉ አንድም አላየሁም። ለምንስ ይመጣል? ደረቅ ቦታ አያሳክክም፣ አያምም፣ ሸሚዝ አያረጥብም፣ ሰው ስንጨብጥ አያሳፍረንም። እኔ ግን ከሚያልበው ቆዳ ይልቅ የማያልበውን እፈራለሁ።

ምክንያቴን በአንድ ልጅ ልንገራችሁ። መተማ ሰሊጥ ላይ የሚሠራ ወጣት ነው። ለጥምቀት ጎንደር መጥቶ በዚያው እኛ ጋ ብቅ አለ። ክንዱ ላይ ከሌላው ቆዳው ትንሽ ነጣ ያለች፣ የቡና ሲኒ አፍ የምታክል ቦታ አለች። ከዓመት በላይ ሆኗታል። በሄደበት ሁሉ ቋቁቻ ነው እየተባለ ቅባት ሲሰጡት ከርመው አራት ዓይነት ቅባት በፌስታል ቋጥሮ መጣ። አዮዲን ቀባሁለት፣ ስታርች ነሰነስኩበት፣ ጋቢ ደርቤ ትኩስ ሻይ ሰጠሁት። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ላቡ ዱቄቱን እያጠቆረው ክንዱ በሙሉ በጥቋቁር ነጠብጣብ ተሸፈነ፣ ያቺ ቦታ ብቻ ደርቃ ቀረች። ጠርዟ በእስክሪብቶ የተሰመረ ነበር የሚመስለው። "ሲስተር፣ ይቺ ምን ሆና ነው?" አለኝ። የላብ ነርቯ ሥራ አቁሟል። ከዚያ በኋላ በተደረገለት ሙሉ ምርመራ የሥጋ ደዌ መሆኑ ተረጋገጠ። ጣቶቹ ሳይጎዱ ስለተደረሰበት መድኃኒቱን በነፃ ጀመረ።

ያን ሁሉ ያሳየን ከመድኃኒት ቤት የተገዛ አዮዲንና ከሱቅ የተገዛ ዱቄት ነው። ጤና ጣቢያ ለምትሠሩ ባልደረቦቼ፣ ስኳር ያለባት እናት ላለቻችሁ፣ እንዲሁም ላባችሁ ግራ ላጋባችሁ ሁሉ እንዴት እንደሚሠራ ከስር እስከ ጫፍ እጽፈዋለሁ።

ዕጢው ብቻውን አይሠራም

ሰውነታችን ላይ ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን የሚደርስ የላብ ዕጢ አለ። አብዛኛው ኤክራይን የሚባለው ነው። ውሃና ጨው ያወጣል፣ ሥራው ማቀዝቀዝ ነው፣ መዳፍና ውስጥ እግር ላይ ደግሞ ከሁሉም ቦታ በላይ ተጠጋግቶ ይገኛል። ብብት ውስጥ ያለው አፖክራይን ሌላ ነው። ሽታው የሚመጣው ባክቴሪያ የእሱን ፈሳሽ ሲያብላላው ነው፣ ለዛሬው ጉዳያችን አይገባም።

ልብ በሉልኝ የምለው ይሄን ነው፦ ዕጢው ትእዛዝ ይጠብቃል። ሰውነት ሲሞቅ አንጎል ውስጥ ያለው ሃይፖታላመስ ያውቃል፣ መልእክቱ በአከርካሪ ውስጥ ይወርዳል፣ ከዚያ በጣም ቀጫጭን በሆኑ ነርቮች ቆዳ ድረስ ይሄዳል፣ የነርቩ ጫፍ ደግሞ አሴቲልኮሊን የሚባል ኬሚካል ይለቅቃል፣ ያኔ ነው ዕጢው የሚያልበው። ይሄ መስመር የትም ላይ ቢበጠስ ላቡ ይቆማል። ስለዚህ የላብ ምርመራ የምንለው ግማሹ የነርቭ ምርመራ ነው። በስኳር ሕመምና በሥጋ ደዌ ቀድመው ከሚጎዱት ውስጥ እነዚህ ቀጫጭን ነርቮች ስላሉበት፣ ሰውየው ገና በደንብ መራመድና መጨበጥ እየቻለ ላቡ ግን ከእግሩ ወይ ከክንዱ ጠፍቶ ሊገኝ ይችላል።

ማን አይመረመርም

አዮዲን የማይስማማው ሰው አይቀባም። እርጉዝና የምታጠባ እናት፣ አራስ ሕፃን፣ እንቅርት ወይም ሌላ የታይሮይድ ችግር ያለበት ሰውም ይቅርበት። አዮዲን በቆዳ በኩል ስለሚገባ ነው። ቁስል ላይ አይቀባም። ፊቱ ላይ ቁንጭር ያለበት ሰው መጀመሪያ ቁንጭሩን ይታከም። አስም ያለበት ሰው ዱቄቱ ሲነሰነስ አፍንጫውን ይሸፍን። የልብ ሕመምተኛን፣ ትኩሳት ያለበትንና በጣም ያረጀ ሰውን ደግሞ ቤት ውስጥ እየሸፋፈናችሁ አታሙቁ። እነሱ ሐኪም ባለበት ይመርመሩ።

አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። የከሰል ምድጃ የበራበት ክፍል ውስጥ ይሄን ምርመራ አታድርጉ። ሰው "ማሞቅ" ሲባል መጀመሪያ የሚመጣለት ከሰል ነው፣ ጎንደር ሲበርድ ሁላችንም እናውቀዋለን። የአዮዲኑ መበጥበጫ አልኮል ነው፣ በእሳት ይያያዛል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ጢስ ደግሞ ሰው ይገድላል።

ከአንድ ቀን በፊት

መድኃኒቶቻችሁን ቁጠሩ። ላብን የሚያደርቁ ብዙ ናቸው፦ አሚትሪፕታይሊን፣ ለሆድ ቁርጠት የሚሰጠው ቡስኮፓን፣ ለአለርጂ የሚወሰዱት እነ ክሎርፌኒራሚንና ፕሮሜታዚን፣ ለፊኛ የሚሰጠው ኦክሲቡታይኒን፣ ለሚጥል በሽታና ለማይግሬን የሚሰጠው ቶፒራሜት። አብዛኞቹ ያንኑ አሴቲልኮሊን ይከለክሉታል፣ ቶፒራሜት ደግሞ በሌላ መንገድ ላብን ይቀንሳል። እነዚህን እየወሰደ የተመረመረ ሰው መላ ሰውነቱ ደረቅ ሆኖ ቢገኝ ነርቩ ታመመ ማለት አይደለም። ግን በገዛ ፈቃዳችሁ መድኃኒት አታቋርጡ፣ በተለይ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቆም አደጋ አለው። ያዘዘላችሁን ሐኪም ጠይቁ። ማቋረጥ ካልተቻለም ችግር የለም፣ ስሙን ጻፉና ውጤቱ ሲነበብ ታሳቢ ይደረጋል።

በዕለቱ ዲዮዶራንት፣ ቫዝሊን፣ ቅቤ፣ ሎሽን አይቀባም። ቡናም ከምርመራው በኋላ ይሁን። ቡና የለመደን የጎንደር ሰው ጠዋት ያለ ቡና ና ማለት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ካፌይን ላብን ስለሚነካካ ሁለተኛ ጊዜ ከመመርመር አንድ ጠዋት መታገስ ይሻላል።

የሚያስፈልገው

አዮዲኑን መድኃኒት ቤት "ቲንክቸር አዮዲን" ብላችሁ ጠይቁ፣ 2 በመቶ የሆነው ይበቃል። ሩሲያዊው የነርቭ ሐኪም ቪክቶር ሚኖር ይሄን ምርመራ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1928 ሲሆን እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በስሙ የሚታወቀው ቀመር 15 ግራም አዮዲን፣ 100 ሚሊ ሊትር የጉሎ ዘይትና 900 ሚሊ ሊትር አልኮል ነው። ቅመማ የምትሠሩ ፋርማሲስቶች ይሄን ማዘጋጀት ትችላላችሁ። ቲንክቸር ከጠፋ ቤታዲንም ያገለግላል፣ ግን ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ዱቄቱ የበቆሎ ስታርች ነው፣ ሱፐርማርኬት ኮርን ፍላወር እያሉ የሚሸጡት ነጭና ልስልሱ። ቤት ያስፈጫችሁትን የበቆሎ ዱቄት አትጠቀሙ። ሻካራ ነው፣ ነጠብጣቡን አጥርቶ አያሳይም። ክረምት ላይ ስታርቹን በደንብ በሚገጥም ዕቃ አስቀምጡት፣ ሐምሌና ነሐሴ እርጥበት ይስብና ሥራውን ሁሉ ያበላሻል።

ከዚያ የሻይ ማጥለያ፣ ጥጥ፣ ንጹሕ ፎጣ፣ አሮጌ አንሶላ፣ እስክሪብቶ፣ ቴርሞሜትር፣ ካሜራ ያለው ስልክ፣ ጋቢና ትኩስ ሻይ። ነጭ ልብስ ለብሳችሁ አትምጡ። የሀገር ልብስ አዮዲን ከነካው ያሳዝናል።

ሥራው

በመጀመሪያ መቀመጥ ነው። ዳገት ወጥቶ የመጣ ሰው ወዲያው አይቀባም። ሃያ ደቂቃ ይረፍ፣ ላቡ ይድረቅ።

ሁለተኛ፣ ቆዳውን በደንብ እዩት። ፀጉር አለው? ተሰነጣጥቋል? ቀለሙ ተለይቷል? ክንድና እግር ላይ ያለ ነጣ ያለ ቦታ ፀጉሩ ከረገፈ ያ ራሱ ምልክት ስለሆነ አትላጩት። በጥጥ ጫፍ ዳሰስ አድርጉትና ዓይኑን ጨፍኖ የነካችሁትን ቦታ በጣቱ ያሳያችሁ። ከዚያ በሳሙና እጠቡና በፎጣ አድርቁ፣ ፎጣ ካደረቀውም በኋላ ጥቂት ደቂቃ አየር ይንካው።

ሦስተኛ፣ የምትቀቡትን ቦታ በእስክሪብቶ አጥሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የተጠረጠረውን ቦታ ብቻ ቀብቶ "አላበም" ይላል። ከምን ጋር አነጻጽሮ? ዙሪያውን ያለውን ጤነኛ ቆዳ ቢያንስ አራት ጣት ያህል አብራችሁ ቀቡ። እግር ከሆነ ሁለቱም እግር፣ ፊት ከሆነ ግራውም ቀኙም። ማነጻጸሪያ የሌለው ምርመራ አይነበብም። ፎቶ አንሱ።

አራተኛ፣ አዮዲኑን በጥጥ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አትደራርቡ። ቆዳው ቡናማ ይሆናል። እስኪደርቅ ጠብቁ። በጣታችሁ ስትነኩት ጣታችሁን የማያቀልም ሲሆን ነው ደረቀ የሚባለው። ዓይን አካባቢ አትቅረቡ።

አምስተኛ፣ ስታርቹን በሻይ ማጥለያው ከላይ ነስንሱ። ቡናማው ቀለም ከሥር እስኪታያችሁ ድረስ ስስ ይሁን። ወፍራም ከሆነ ትንሿ ላብ ዱቄቱ ውስጥ ትጠፋለች።

ስድስተኛ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ገና ሳይሞቅ ከጠቆረ ቆዳው በደንብ አልደረቀም ወይም ሰውየው አሁንም እያላበው ነው። አጥባችሁ እንደገና ጀምሩ። እዚህ ላይ መቸኮል ምርመራውን ዋጋ ያሳጣዋል።

ሰባተኛ፣ ማሞቅ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ ብዙ ቀን ነፋሻ ናት፣ ቁጭ ያለ ሰው በዋዛ አያልበውም። በየቦታው የማየው የውሸት "ደረቅ" ውጤት አብዛኛው ሰውየው ሳይሞቅ የተነበበ ነው። እንዴት እንደምናሞቅ ደግሞ ማንም አያስተምረንም፣ ምች ሲመታን እናታችን ያደረገችልንን ማድረግ ነው። መስኮት ዝጉ፣ ያልተቀባውን ሰውነት በጋቢ ጀቡኑ፣ ዝንጅብል ያለው ትኩስ ሻይ ስጡ። ጋቢው የተቀባውን ቦታ እንዳይነካ ተጠንቀቁ። ሰውየው ጤነኛና ወጣት ከሆነ ከመቀመጫው አሥራ አምስት ሃያ ጊዜ ተነስቶ ቢቀመጥ በቶሎ ይሞቃል። ከቀኑ ሰዓት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ይሻላል፣ ከወራት መጋቢትና ሚያዝያ።

በቂ ሞቋል የምትሉት ግንባሩና ደረቱ ሲያልበው ነው። ግንባሩ ደረቅ ከሆነ ገና አላነበባችሁም። ራሱን ካዞረው፣ ካቅለሸለሸው፣ ልቡ በኃይል ከመታበት ወዲያው ጋቢውን አንሱ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ውሃ ስጡት።

መዳፍና ውስጥ እግር በዚህ ደንብ አይሄዱም። እነሱን ከሙቀት ይበልጥ የሚያላባቸው ጭንቀት ነው። ስለዚህ መዳፍ ስትመረምሩ ሰውየውን ከ100 ላይ 7 እየቀነሰ ጮክ ብሎ እንዲቆጥር አድርጉት። 93፣ 86፣ 79… ሂሳብ የማይወድ ሰው መዳፉ ዓይናችሁ እያየ ይጠቁራል።

ስምንተኛ፣ ፎቶ። በየአምስት ደቂቃው፣ ከአንድ ርቀት፣ በአንድ ብርሃን፣ የሰዓቱን ደቂቃ አጠገቡ ጽፋችሁ። ሃያና ሠላሳ ደቂቃ ይበቃል። ላቡ ከበዛ ነጠብጣቡ እየተያያዘ ይፈስና ጤነኛውንም የታመመውንም ስለሚያጠቁር ጥሩው ፎቶ መጀመሪያ ላይ የሚነሳው ነው።

ዘጠነኛ፣ ማጠብ። መጀመሪያ ዱቄቱን በደረቅ ጥጥ ጥረጉ፣ ከዚያ ሳሙናና ውሃ። ቡናማው ቀለም ካልለቀቀ የቫይታሚን ሲ እንክብል በውሃ አሟሙታችሁ ጥረጉት፣ ወዲያው ይጠፋል። ልብስ ላይም ያገለግላል።

ምን ታየ?

ነጭና ቡናማ የነበረው ቆዳ ላይ ጥቁር ሰማያዊ ነጠብጣብ ይወጣል። አዮዲንና ስታርች ደረቅ ሆነው አብረው ሲኖሩ ዝም ይላሉ፣ ውሃ ሲያገኙ ነው አዮዲኑ ስታርቹ ውስጥ ገብቶ ቀለም የሚሰጠው። እያንዳንዷ ነጠብጣብ የአንድ ዕጢ አፍ ናት። በስልካችሁ አቅርባችሁ ካያችኋት በጣም ታምራለች፣ ስንት ጊዜ አይቻት እስካሁን አልጠገብኳትም።

ደረቁ ቦታ ቅርፁ ይናገራል። አንዲት ጠርዟ የለየ ክብ ቦታ ደርቃ ዙሪያዋ ከጠቆረ፣ በተለይ ጥጥ ሲነካት የማይሰማት ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚታሰበው የሥጋ ደዌ ነው። ፊት ላይ ግን ነርቭ ስለሚበዛ ምልክቱ እንደ ክንድ ላይ ጉልህ ላይሆን ይችላል፣ ስለዚህ ፊት ላይ "አላበ፣ እንግዲያው ደህና ነው" ብላችሁ አትሸኙ። ቋቁቻና ጭርት ያለበት ቦታ ግን መነካት ይሰማዋል። ለዚህ ነው ላብን ከስሜት ጋር አብራችሁ እዩ የምለው።

ሁለቱም እግር ከጣት ጀምሮ እስከ ቁርጭምጭሚት ወይም እስከ ጉልበት፣ ልክ ካልሲ እንዳጠለቀ ሰው፣ ከደረቀ ስኳርን አስቡ። እዚህ ላይ አንዲት እናት ትዝ ይሉኛል። ቅዳሜ ገበያ በርበሬ ይሸጣሉ። "ልጄ፣ እህል ስቀምስ ፊቴን እንደ ውሃ ያልበኛል፣ ሰው ፊት መብላት አፈርኩ" ብለው ነው የመጡት። "እትዬ፣ እስቲ ጫማዎን ያውልቁልኝ" አልኳቸው። ተረከዛቸው ተሰነጣጥቋል፣ እግራቸው እንደ ወረቀት ደርቋል። ስንመረምር ፊትና ደረታቸው በደቂቃዎች ውስጥ ጠቆረ፣ ከጉልበት በታች ግን አንዲት ነጠብጣብ የለም። ስኳር እንዳለባቸው ከዚያ በፊት ማንም አልነገራቸውም። በስኳር ነርቭ ሲጎዳ ሁለቱም ይከሰታል፦ ምግብ ሲቀመስ ፊት ያልበዋል፣ እግር የተወውን የማቀዝቀዝ ሥራ ደግሞ የላይኛው አካል ይሸከማል። እኚህ እናት የመጡት ስለሚያልባቸው ነው፣ ችግሩ የነበረው ግን የማያልባቸው ቦታ ላይ ነው። ደረቅ እግር ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ የጀርም በር ይሆናል፣ ስሜት የሌለው እግር ደግሞ ቁስሉን አይናገርም። አሁን ማታ ማታ እግራቸውን ያያሉ፣ ቅባት ይቀባሉ፣ ባዶ እግራቸውን አይሄዱም።

የፊት ግማሽ ብቻ ከደረቀ፣ በዚያው በኩል የዓይን ሽፋን ወረድ ካለና የዓይን ብሌን ከጠበበ፣ ወደ ሐኪም ዛሬውኑ። ያ መስመር ከአንጎል ተነስቶ በደረትና በአንገት ስለሚያልፍ የተበጠሰበት ቦታ መፈለግ አለበት።

ጆሮ ሥር ባለው የምራቅ ዕጢ ላይ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ደግሞ ሲበላ ጉንጩ ላይ ብቻ ያልበዋል። ፖላንዳዊቷ ሐኪም ሉቺያ ፍሬይ እ.ኤ.አ. በ1923 ስለገለጸችው በስሟ ይጠራል። ይሄን ስትመረምሩ ጋቢ አያስፈልግም፣ ጉንጩን ቀብታችሁ ሎሚ አስመጥጡት።

መላ ሰውነቱ ከደረቀ መጀመሪያ መድኃኒቱን ጠይቁ። ሕፃን ከሆነ፣ ፀጉሩ ሳሳ ካለ፣ ጥርሱ ጥቂትና ሹል ከሆነ፣ ሙቀት በመጣ ቁጥር "ትኩሳት" እየያዘው ሐኪም ቤት የሚመላለስ ከሆነ፣ ከልደቱ ጀምሮ የላብ ዕጢው አንሶ ይሆናል። እንዲህ ያለ ልጅ አንቲባዮቲክ ሳይሆን ጥላ፣ ውሃና እርጥብ ካናቴራ ነው የሚያስፈልገው። አዋቂም ቢሆን መላ ሰውነቱን የማያልበው ሰው ወደ መተማና ሁመራ ቆላ ለሥራ አይውረድ። ላብ አደር የሚለው ስማችን በከንቱ አልወጣም። አንድ ሊትር ላብ ቆዳ ላይ ሲተን ወደ 580 ኪሎ ካሎሪ ሙቀት ይዞ ይሄዳል፣ ያ የሌለው ሰው በዚያ ፀሐይ ሥር ሙቀቱ የሚወጣበት የለውም።

የሚያልበውን መለካት

አዮዲኑ የት እንዳላበ እንጂ ስንት እንዳላበ አይናገርም። መጠን ከፈለጋችሁ ሚዛን ያስፈልጋል። የላቦራቶሪ ማጣሪያ ወረቀት መዝኑ፣ በደረቀ ብብት ውስጥ ለ5 ደቂቃ አስቀምጡ፣ አውጥታችሁ ወዲያው መዝኑ። የወርቅ ሠሪ ሚዛን እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ከሆነ ይበቃል። በአንድ ብብት በ5 ደቂቃ ከ50 ሚሊ ግራም ያለፈ ላብ በብዙ የሕክምና ጥናቶች ከመጠን በላይ ያልበዋል ለማለት እንደ መነሻ የሚወሰድ ነው። ቁጥሩ ብቻውን ግን ሰውን አያክምም። ፈተና ላይ ወረቀቱ የሚርስበት ተማሪ ሚዛኑ ምንም ቢል ችግሩ እውነት ነው። ላብ ለማድረቅ የቦቱሊነም መርፌ የሚወጉ ሐኪሞችም የሚወጉበትን ቦታ በዚሁ በአዮዲንና ስታርች አስምረው ነው የሚጀምሩት።

አዮዲን ለማይስማማው ሰው ሌላ ቀላል መንገድ አለ። እጁን 40 ዲግሪ በሆነ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይንከር። የጤነኛ ሰው የጣት ጫፍ ይጨማደዳል። ነርቩ የተቆረጠ ጣት ግን ለስላሳ እንደሆነ ይቀራል። ይሄን ኦሪያን የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1973 ነው የጻፈው። ላብን በቀጥታ አይለካም፣ ከላብ ነርቮች ጋር የአንድ ቤተሰብ የሆኑትን ነርቮች ነው የሚያሳየው። ውሃውን በቴርሞሜትር ለኩ፣ ስሜት የሌለው እጅ ቢቃጠል አይናገርም።

ትልልቆቹ ምርመራዎች

ሰው ውጭ ሀገር ታክሞ ሲመጣ ወረቀቱ ላይ ስማቸው ስለሚታይ ባጭሩ ልንገራችሁ። አንደኛው መላ ሰውነትን ቀለም በሚለውጥ ዱቄት ሸፍኖ ከ45 እስከ 50 ዲግሪ በሚሞቅ ክፍል ውስጥ ማስተኛት ነው፣ የሰውነት ሙቀት 38 ሲደርስ ያላበው ቦታ ወይን ጠጅ ይሆናል። ከእኛው ጋቢ ጋር ሐሳቡ አንድ ነው። ኪውሳርት የሚባለው ደግሞ አሴቲልኮሊንን በትንሽ የኤሌክትሪክ ኃይል ቆዳ ውስጥ አስገብቶ የሚወጣውን ላብ በመሣሪያ ይለካል። ሁለቱን አብሮ የተመረመረ ሰው በሙቀት ላብ ካልወጣው፣ በአሴቲልኮሊን ግን ከወጣው፣ ዕጢውና የመጨረሻው ነርቭ ደህና ናቸው፣ ችግሩ ከላይ ከአከርካሪ ወይም ከአንጎል ነው። ለስኳር ሕመምተኛ ውስጥ እግር ላይ የሚለጠፍ ኒውሮፓድ የሚባል ነገርም አለ፣ ሰማያዊ ነው፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ወደ ሮዝ ካልተለወጠ እግሩ ደርቋል ማለት ነው።

ከእነዚህ ለየት የሚለው የሕፃናቱ ነው። ልጃቸውን ሲስሙ ጨው ጨው የሚላቸው ወላጆች አሉ። ልጁ ሳንባው እየደጋገመ ከታመመና ክብደት ካልጨመረ፣ ፓይሎካርፒን በሚባል መድኃኒት ክንዱን አላብተው በላቡ ውስጥ ያለውን ክሎራይድ ይለካሉ። ጊብሰንና ኩክ እ.ኤ.አ. በ1959 ያወጡት ዘዴ ነው። በሊትር 60 ሚሊሞልና ከዚያ በላይ ከሆነ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባለውን በዘር የሚተላለፍ በሽታ ያመለክታል። ይሄ ቤት ውስጥ አይሞከርም።

ከዚህ በኋላ

ደረቅ ቦታ ካገኛችሁ በፎቶው ላይ አትፍረዱ። አዮዲኑ ነርቩ እንደማይሠራ ይጠቁማል፣ በሽታው ምን እንደሆነ ግን የሚናገረው ሐኪም ነው። እዚህ ጎንደር ያላችሁ በአቅራቢያችሁ ካለ ጤና ጣቢያ ሪፈር ተጽፎላችሁ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና መሄድ ትችላላችሁ። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር ዓላማው ለገጠሩ የሚወርድ ጤና ባለሙያ ማሠልጠን ነበር፣ እንዲህ ያለ ርካሽ ምርመራም ለዚያ ዓይነት ሥራ የተፈጠረ ይመስለኛል።

የሥጋ ደዌ የሚለውን ስም ሰምታችሁ ከቤት አትቅሩ፣ ማንንም አትደብቁ። መድኃኒቱ በነፃ ነው፣ እንደ ዓይነቱ 6 ወር ወይም 12 ወር ይወሰዳል፣ ይድናል። የማይመለሰው ዘግይቶ የተጎዳ ነርቭ ነው።

ስትሄዱ እነዚህን ያዙ፦ ሳይሞቅ የተነሳውን ፎቶ፣ ሞቆ የተነሳውን ፎቶ፣ ቀኑን፣ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ፣ ግንባር ማላቡን፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ስም። ቅባት ስትቀቡ ከነበረ ቱቦውን እንዳለ ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ "ምን ሆነህ ነው?" "ምን ሆነሽ ነው?" ሲላችሁ "ቋቁቻ ነው መሰለኝ" ብላችሁ አትጀምሩ። ቦታውን በጣታችሁ አሳዩትና "እዚህ ጋ አያልበኝም" በሉት።